ቀስቷ አልታዘዝ ስትል

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ትንሽ ብትሆንም ስንቱን ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር አጣልታለች። ስለ ገመድ አልባ ትራክፓድ ነው የምናወራው። ከኪቦርዱ ጎን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ጣታችንን እያንሸራተትን ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት የምንነዳባት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ማለቴ ነው። «እኔ ላፕቶፕ እንጂ እንዲህ ያለ ዕቃ የለኝም» የምትሉም ሬዲዮኑን አትዝጉት። ላፕቶፓችሁ ላይ ከኪቦርዱ በታች ያለችው ታችፓድ የብሉቱዙ ነገር ካልሆነ በስተቀር አሠራሯ ያው ነው፤ አብዛኛው ወሬያችን እናንተንም ይመለከታል።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። ፋይል ልትከፍቱ ቀስቷን ወደ ግራ ትነዷታላችሁ፣ እሷ ወደ ላይኛው ጥግ ትወረወራለች። ወይ ባለችበት ትንቀጠቀጣለች። ወይ ለአፍታ ደርቃ ትቆይና ድንገት ግማሽ ስክሪን ዘላ ትገኛለች። ወይ ደግሞ፣ ሰውን የሚያስደነግጠው ይሄኛው ነው፣ ማንም ሳይነካት በራሷ ትሄዳለች። አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲገጥመው ከሁለት አንዱን ይላል፤ «ተበላሽቷል፣ አዲስ ይገዛ» ወይም «ቫይረስ ገብቶበታል»። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃውም ደህና ነው፣ ቫይረስም የለም።

የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። ምንም ነገር ከመንካታችሁ፣ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የቀስቷን አካሄድ ተመልከቱ። ባለችበት የምትንቀጠቀጥ ቀስትና እየደረቀች የምትዘል ቀስት ምክንያታቸው አንድ አይደለም። አካሄዷን በደንብ ያየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። እጃችሁን ከሰሌዳው ላይ ሙሉ በሙሉ አንሱና አሥር ሰከንድ ያህል ስክሪኑን እዩ። ቀስቷ ጸጥ ካለች ችግሩ የሚመጣው ስትነኩት ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ወይ ጣትን የሚያነበው ክፍል ላይ ነው፣ ወይ መልእክቱ ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው፣ ወይ ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ ነው። እጃችሁን አንስታችሁም ከሄደች ግን አንድ ነገር ሰሌዳውን እየነካው ነው፣ ወይም ሌላ ዕቃ ቀስቷን እያዘዛት ነው።

ለመሆኑ ይሄ ሰሌዳ ጣታችሁን እንዴት ነው የሚያውቀው? ብዙ ሰው ግፊት የሚለካ ይመስለዋል። ጣት የት እንዳረፈ የሚያውቀው ግን በግፊት አይደለም። ከመስታወቱ ወይም ከፕላስቲኩ ሥር፣ በአግድምና በቁመት የተዘረጉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በነዚህ መስመሮች መካከል በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይከማቻል። የሰው ገላ ውሃና ጨው የሞላበት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጣት ሲጠጋ ከዚያ ከተከማቸው ላይ ጥቂት ወደ ራሱ ይስባል። ውስጥ ያለችው ቺፕ ይህንን ልዩነት በየመስመሩ፣ በሰከንድ ደጋግማ እየለካች «ጣቱ አሁን እዚህ ጋ ነው» ብላ ለኮምፒውተሩ ትልካለች። በፕላስቲክ እስክሪብቶ ጫፍ ብትጫኑት ቀስቷ ንቅንቅ የማትለው ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ምንም አይስብም።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አፕል በላፕቶፕ ላይ ትራክፓድ ያመጣው በፈረንጆች 1994 በፓወርቡክ 500 ነው። ብዙዎቻችሁ ጋ ያለው ወይም ዘመድ ከውጭ ይዞላችሁ የመጣው ማጂክ ትራክፓድ ደግሞ መጀመሪያ በ2010 ወጣ፤ ያኔ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። በ2015 ባትሪው ውስጡ ሆኖ በኬብል የሚሞላ ሆነ፤ በ2024 ኬብሉ ብቻ ወደ ዩኤስቢ ሲ ተቀየረ። የትኛው እንዳላችሁ እወቁት፤ በኋላ ለምነግራችሁ ሙከራ ይጠቅማችኋል።

እንግዲህ ቺፗ የምትለካው እጅግ ጥቃቅን ልዩነት ስለሆነ በቀላሉ ትደናገራለች። አንደኛው አደናጋሪ ውሃ ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ ሳታደርቁ ከተቀመጣችሁ፣ ወይም በሙቀት መዳፋችሁ ካላበ፣ ሰሌዳው ላይ የቀረችው እርጥበት ለቺፗ ሌላ ጣት ናት። ሁለት ጣት ነካኝ ብላ ስለምታስብ ቀስቷን ትተዋትና ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ታንሸራትተዋለች፣ ወይ ጽሑፉን ታተልቀዋለች። ያልደረቀ ሳኒታይዘርም እንዲሁ ነው። ቅባትና ቅቤ ግን ይለያል። ዘይት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ቺፗን እንደ ላብ አያታልላትም፤ ነገር ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ጣታችሁንም አንዴ ይይዘዋል አንዴ ያንሸራትተዋል። እንጀራ በልቶ እጁን በሶፍት ብቻ ጠርጎ ሥራ የሚቀጥል ሰው ሰሌዳው ላይ በብርሃን ጎን ቢያይ የራሱን የጣት መንገዶች አንድ በአንድ ያገኛቸዋል።

ስታጸዱት አጥፉት። ንጹሕ፣ ብናኝ የማይተው ለስላሳ ጨርቅ በትንሹ አርጥባችሁ ጥረጉት፤ 70 ከመቶ አልኮል ያለበት መጥረጊያም ይሆናል። ፈሳሹን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ አትርጩ፤ በጠርዙ በኩል ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ላዩ ላይ የለጠፋችሁት ሽፋን ካለም አንሱትና ሞክሩ። ከሥሩ አየር የያዘ፣ ጠርዙ የተነሳ ሽፋን ካለ ምንም ብታጸዱ ለውጥ አታገኙም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በኛ አገር ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይሄኛው ይመስለኛል። ቀስቷ አትዘልም፣ አትደርቅም፤ ጣታችሁን ያሳረፋችሁበት ቦታ ላይ ሆና ግን ትንቀጠቀጣለች። ትንሽ ምልክት ላይ ልታሳርፏት ስትሞክሩ ግራ ቀኝ ትላለች። አንዴ ነክታችሁ ሁለቴ ትከፍታለች። እንዲህ ካያችሁ ዓይናችሁን ወደ ሶኬቱ መልሱ።

የማውቃት አንዲት ተርጓሚ ትራክፓዷን ይዛ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ሄደች። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሞቷል መሰለኝ፤ ሌላ አለህ?» አለችው። ልጁ ተቀብሎ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘውና አየው፤ ምንም አልሆነም።

«እህቴ፣ ቤት ስትሠሪ ቻርጅ ላይ ሰክተሽው ነው?»

«አዎ፣ መብራት ሲሄድ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ሁሌም እሰካዋለሁ።»

«መብራት ሲሄድስ ይንቀጠቀጣል?»

ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። ለካስ በደንብ የሚሠራላት መብራት የሄደ ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻርጀር፣ የላፕቶፕም ይሁን የስልክ፣ ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ነው ዝቅ የሚያደርገው። ይሄ መቆራረጥ ሁከት ይፈጥራል። ሁከቱን ለማፈን ፋብሪካዎች በመግቢያውና በመውጫው መካከል ትንሽ ካፓሲተር ያስገባሉ፤ በዚያች ካፓሲተር በኩል ታዲያ ከአንድ ሚሊአምፔር ያነሰ ኤሌክትሪክ ወደ መውጫው ሾልኮ ያልፋል። ቻርጀሩ ባለ ግራውንድ ከሆነና ግራውንዱ በእውነት መሬት ከገባ፣ የሾለከው በዚያው ወደ መሬት ይወርዳል። ባለ ሁለት እግር ከሆነ ግን መሄጃ የለውም። ላፕቶፑና ከእሱ ጋር በኬብል የተያያዘው ሁሉ ከመሬት አንጻር ወደ 110 ቮልት ገደማ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ ቮልቱ ትልቅ ቢሆንም የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው።

ይህንን በእጃችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። ገላው ብረት የሆነ ላፕቶፕ ካላችሁ፣ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ላይ እያለ በእጃችሁ ጀርባ ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ አሻሹት። ብረቱ ሻካራ ይመስላችኋል፣ ቆዳችሁን የሚነዝር ነገር አለ። ቻርጀሩን ንቀሉና በዚያው ቦታ እንደገና አሻሹት፤ ያ ሻካራነት የለም፣ ልስልስ ብሏል። ብረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኤሌክትሪኩ ነው። ታዲያ ይሄ እንደ መዳሰስ ያለ ቀለል ያለ ንዝረት ሲሆን ነው። እጅ የሚያስፈነጥር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን ቻርጀር ዛሬውኑ አስወግዱት።

ወደ ትራክፓዱ ስንመለስ፣ ሰሌዳው በኬብል ላፕቶፑ ላይ ወይም ርካሽ የስልክ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ እያለ ጣታችሁ ሲያርፍበት፣ ያ ሁከት በጣታችሁ በኩል ወደ ገላችሁ፣ ከገላችሁ ወደ መሬት መንገድ ያገኛል። ቺፗ እየለካች ያለችው ጣታችሁ የሳበውን ጥቃቅን ነገር ነበር፤ አሁን ከሱ የሚበልጥ ሁከት ተደመረበት። ጣታችሁ ሳይንቀሳቀስ የተንቀሳቀሰ ይመስላታል። ኬብሉን ስትነቅሉ ሰሌዳው በራሱ ባትሪ ብቻ ስለሚሠራ ከሶኬቱ ጋር የሚያገናኘው የለም፤ መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ ጥፋተኛውን አግኝታችኋል። በላፕቶፕ ታችፓድ ከሆነም ቻርጀሩን ነቅላችሁ እዩ። ሌላም መፈተኛ አለ፤ በአንድ እጃችሁ ስትሠሩ ሌላኛውን መዳፍ የላፕቶፑ ብረት ላይ አሳርፉት። ገላችሁና ላፕቶፑ አንድ ላይ ስለሚሆኑ መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትራክፓዱን ስትተኙ ሙሉት፣ ስትሠሩ ንቀሉት። ቻርጅ ላይ እያለ መሥራት ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ከላፕቶፓችሁ ጋር የመጣውን ቻርጀርና ባለ ግራውንድ ገመድ ተጠቀሙ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። በብዙ ቤት ሶኬቱ ከፊት ሲያዩት ባለ ግራውንድ ነው፤ ከኋላው ሦስተኛው ሽቦ አልተያያዘም። ማከፋፈያውም ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚያረጋግጥላችሁ መለኪያ የያዘ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሦስተኛውን ሽቦ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ጋር አሥሮ «ግራውንድ አደረግኩልህ» የሚላችሁን ግን እምቢ በሉት። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ ቢላቀቅ የምጣዱም የፍሪጁም የላፕቶፑም ብረት ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ቀስት ለማረጋጋት ብሎ ሰው አይገደልም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሙዚቃው በኋላ ወደ ሁለተኛዋ ዓይነት ቀስት እንሂድ፤ ወደምትደርቀውና ወደምትዘለው። ጣታችሁን ታንሸራትታላችሁ፣ ቀስቷ ቀጥ ትላለች፤ ከዚያ ያለፈው እንቅስቃሴ በሙሉ አንዴ ይደርስና ዘላ ሌላ ቦታ ትገኛለች። ይሄ ብዙ ጊዜ ጣትን የማንበብ ችግር አይደለም። ሰሌዳው በትክክል አንብቦ ልኳል፤ መልእክቱ አየር ላይ ጠፍቶ፣ ተደግሞ ተልኮ፣ ዘግይቶ ደርሶ ነው።

ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርትዝ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነው። ይሄ ክልል ፈቃድ የማይጠየቅበት ስለሆነ ሁሉም እዚያው ነው ያለው። አብዛኛው ዋይፋይ፣ የጎረቤት ዋይፋይ፣ የስልክ ሆትስፖት፣ ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም ጭምር። ማታ ሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ታክሲ መጫኛው ላይ ቆማችሁ ወያላው ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲጠራ የናንተን ሰፈር ለይታችሁ ለመስማት እንደምትቸገሩት ነው። ብሉቱዝ ለዚህ የራሱ ብልሃት አለው፤ ክልሉን 79 ቦታ ከፍሎ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የተጨናነቀውንም ቦታ ለይቶ ይሸሻል።

በነገራችን ላይ ይሄ እየዘለሉ የመላክ ሐሳብ የቆየ ነው። በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ የሆሊውድ ተዋናይዋ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በባሕር ውስጥ የሚሄድ ቶርፔዶ የሚመራበት ሬዲዮ እንዳይታፈን ብለው በዚሁ ሐሳብ የፈጠራ መብት አስመዝግበዋል። ዝላዩን የሚያቀናጀው በራሱ የሚጫወት ፒያኖ እንደሚጠቀምበት ያለ የተበሳሳ ጥቅል ወረቀት ነበር፤ የሞገዶቹም ቁጥር እንደ ፒያኖ ቁልፎች 88። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያኔ ቁብ አልሰጣቸውም። ሰው ስለ ሄዲ ላማር ሲያነሳ መልኳን ነው የሚያወራው፤ እኔ ይሄኛውን ባወራ እመርጣለሁ።

ዝላዩ ጥሩ ነው እንጂ ተአምር አይሠራም፤ ክልሉ በሙሉ ከታፈነ መሸሻ የለም። ክልሉን የሚያፍነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው የማይጠረጥረው ዕቃ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስካችሁ! ዩኤስቢ 3 የሚባለው ፈጣኑ ግንኙነት መረጃ በሚያስተላልፍበት ጊዜ ከኬብሉና ከመሰኪያው የሚያፈተልክ ሁከት አለው፤ ያ ሁከት በቀጥታ 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ያርፋል። ኢንቴል ራሱ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ይህንን በልኬት አሳይቷል። ስለዚህ ቪዲዮ ኮፒ ስታደርጉ ቀስቷ ከተንተባተበች፣ ኮፒው ሲያልቅ ደግሞ ጤነኛ ከሆነች፣ ትራክፓዱን አትውቀሱት። ሃርድ ዲስኩን አንሥታችሁ ከላፕቶፑ በግማሽ ሜትር አርቁት፣ በሌላኛው ጎን ባለው ቀዳዳ ሰኩት፣ ኬብሉ ቀጭን ርካሽ ከሆነ ለውጡት። ባለ ብዙ ቀዳዳ የዩኤስቢ ማከፋፈያዎችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው።

ትራክፓዳችሁ በብሉቱዝ ሳይሆን ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ በምትሰካ ትንሽ ሪሲቨር የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ይሄ ነገር ይብስበታል፤ ምክንያቱም ሪሲቨሯን የሰካችሁት ከሁከቱ ምንጭ አጠገብ ነው። ቀዳዳው ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። ሪሲቨሯን ከዚያ አውጥታችሁ ውስጡ ጥቁር ወይም ነጭ ወደሆነው አዛውሯት። በዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሪሲቨሯ ጠረጴዛ ሥር ካለው የብረት ሳጥን ጀርባ ተሰክታ ይሆናል። በመካከል ብረት አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ የናንተ እግር አለ። ገላ ውሃ ስለሆነ ይሄን ሞገድ ይውጠዋል። አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገዝታችሁ ጠረጴዛው ላይ አውጧት፤ ከአዲስ ትራክፓድ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ለዋይፋዩ ደግሞ ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርትዝ ካለው ላፕቶፑን ወደዚያ አሻግሩት፤ ለትራክፓዱ ቦታ ይለቃል። ሆትስፖት የከፈታችሁበትን ስልክ ትራክፓዱ አጠገብ አታስቀምጡ።

የባትሪው ነገር ብዙ ወሬ አይፈልግም። ኃይሉ ሲያልቅ ሰሌዳው መቆራረጥ ይጀምራል። በድንጋይ የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለውጡ፤ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ አትቀላቅሉ። ድንጋዩ ውሃ አውጥቶ ከሆነም መገናኛ ብረቱ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት በጥንቃቄ ጥረጉት።

አሁን ያልኳችሁን ሙከራ ልንገራችሁ። ማክ ካላችሁና ትራክፓዱ ከ2015 ጀምሮ የወጣው ባለ ኬብሉ ከሆነ፣ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙትና ብሉቱዙን አጥፉት። በኬብሉ ብቻ ይሠራል። መድረቁና መዝለሉ ከቆመ ችግሩ ከአየሩ ነበር። ካልቆመ ከራሱ ከሰሌዳው ወይም ከኮምፒውተሩ ነው። ኬብሉ ግን መረጃ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ገበያ ላይ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ሞልቷል። ኮምፒውተሩን ለማጥራት ደግሞ ተራ ባለ ገመድ ማውስ ተውሳችሁ ሰኩ። በማውሱም ቀስቷ የምትደርቅ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ተጨናንቋል፤ የከፈታችሁትን ብሮውዘር ሁሉ ዘግታችሁ ሪስታርት አድርጉት።

ያ ባለ ገመድ ማውስ ለሌላም ይጠቅማል። ጠጋኞች «ከብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ አጥፍተህ እንደ አዲስ አገናኘው» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ነገር ግን ያላችሁ መንጃ ትራክፓዱ ብቻ ከሆነ ካጠፋችሁት በኋላ በምን ትጫኑታላችሁ? መጀመሪያ ማውሱን ሰኩ፣ ከዚያ አጥፉት።

እጃችሁን አንስታችሁም የምትሄድ ቀስት ቀርታናለች። ከሁሉ በፊት ቦርሳችሁን ፈትሹ። ሳይጠፋ የተረሳ ገመድ አልባ ማውስ ቦርሳ ውስጥ ከደብተር ጋር እየተሻሸ ቀስቷን ይነዳታል። መሳቢያ ውስጥ የገባ የቀድሞ ትራክፓድም እንዲሁ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ከጎኑ በገመድ አልባው የምትሠሩ ከሆነ፣ መዳፋችሁ የላፕቶፑን ታችፓድ እየዳሰሰው ሊሆን ይችላል። ማክ ላይ በተደራሽነት ቅንብሩ ውስጥ ውጫዊ ማውስ ወይም ትራክፓድ ሲኖር የላፕቶፑን ተወው የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩት። እዚያው ማክ ላይ ቀስቷን በፍጥነት ስትወዘውዟት ድንገት ትልቅ የምትሆነው ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ ስትጠፋባችሁ እንድታገኟት ከ2015 ጀምሮ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

«ሰው ገብቶበታል» የሚለው ፍርሃትስ? አካሄዷን እዩ ብዬ የለ። ብልሽት ዓላማ የለውም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል፣ ጥግ ሄዶ ይቀራል። ሰው የሚነዳት ቀስት ግን መስኮት ትዘጋለች፣ ፋይል ትከፍታለች፣ ፊደል ይጻፋል። እንዲህ ካያችሁ ወዲያውኑ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ሆትስፖቱን ዝጉ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንቅስቃሴውም ከተቋረጠ፣ ቲምቪወር ወይም አኒዴስክን የመሰለ ከርቀት መቆጣጠሪያ ሳታውቁ ተጭኖ እንደሆነ አስፈትሹ፤ የባንክና የኢሜይል ይለፍ ቃላችሁንም ከሌላ ዕቃ ላይ ለውጡ። ያለ ኢንተርኔትም መሄዷን ከቀጠለች ግን በዚያች ቅጽበት ከውጭ የሚነዳት ሰው የለም፤ ወደ ቦርሳችሁና ወደ እርጥቡ እጃችሁ ተመለሱ።

የመጨረሻው በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ያለው ከታችፓዱ ሥር ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሲጎዳ ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል፤ ሲያብጥ ታችፓዱን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ምልክቱ ይታወቃል፤ መጫን እምቢ ይላል ወይም ሳትጫኑት ይጫናል፣ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ብሏል፣ ላፕቶፑ ክዳኑ በደንብ አልገጥም ይላል፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ይወዛወዛል። ጠፍጣፋ የነበረው ገመድ አልባ ትራክፓዳችሁም ሆዱ ከተነሳ ያው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ካላችሁ ቀስቷን ለማስተካከል አትድከሙ። አጥፉት፣ ከቻርጅ ንቀሉት፣ ወደ ውስጥ ልትጫኑት አትሞክሩ፣ ጋዙን ላስወጣ ብላችሁ በመርፌም በቢላም አትንኩት፤ የተበሳ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ከፍራሽና ከመጋረጃ ራቅ ያለ ቦታ አስቀምጡትና ባትሪ መቀየር ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት።

ያበጠ ባትሪ ያለበትን ላፕቶፕ ዛሬ ማታ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ እንዳትተኙ፤ አደራ።